ሉፑ የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ለምን ይሰጠኛል?

«ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ቤተሰቦቼ መጋላ ሱቅ አላቸው፤ ከሰዓት በኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በስልኬ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እማራለሁ። ቪዲዮውን ሳይ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፤ ባዶ ገጽ ከፍቼ ልጻፍ ስል ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። የቀኑን ሽያጭ በሉፕ፣ ማለትም ያንኑ መስመር እየደጋገመ፣ የሚደምር አጭር ኮድ ጽፌ አራት ዋጋ ብሰጠው የመጨረሻውን ብቻ መለሰልኝ። ዜሮዎቹን ከሊስቱ (ከዋጋዎቹ ዝርዝር) ላጥፋ ስል ደግሞ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይቀራል። ወንድሜ ‹ሁሉንም በአንዴ የሚደምር ሰም የሚባል ትእዛዝ አለልሽ፣ ምን ሉፕ ያለፋሻል› ይለኛል። ኤአይ ስጠይቅም ጽፎ ይሰጠኛል፤ ይሠራል፣ እኔ ግን ምንም አልተማርኩም። ሉፕና ሊስትን ዘልዬ ልለፍ ወይስ ከሀ ልጀምር?»
የሱቋ ልጅ፣ ከሳቢያን

እህታችን፣ ድሬ ላይ አንቱታ ስለማያስኬድ አንቺ እያልን እንመልስልሽ።

ሁለቱንም አታድርጊ። ብትዘልዪው የሚቀጥሉት ምዕራፎች ሁሉ ሉፕና ሊስትን ታውቂያለሽ ብለው ነው የሚነሱት። ከሀ ብትጀምሪ ደግሞ ያንኑ ቪዲዮ ደግመሽ ታዪና ያው ቦታ ላይ ትቆሚያለሽ። የጎደለሽ አንድ ልምድ ብቻ ነው፦ ሉፑን ማሽኑ ከማስኬዱ በፊት አንቺ በወረቀት ማስኬድ። ሉፕ ውስጥ ያለ መስመር በዓይን ሲታይ አንድ ነው፤ ሲሠራ ግን አራት ጊዜ፣ አርባ ጊዜ ይሠራል፣ በየጊዜውም የያዘው ዋጋ ሌላ ነው። ቪዲዮ ላይ ይህን የሚከታተልልሽ አስተማሪው ነው። ባዶ ገጽ ፊት ስትቀመጪ የሚከታተል የለም።

ወደ ኮዱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ፎር፣ ኢን፣ ኢፍ፣ ፕሪንት፣ አፔንድና የመሳሰሉትን ስትተይቢ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ሁሉንም በትንሹ ፊደል። የቫሪያብሎቹን፣ ማለትም ዋጋ የሚይዙትን፣ ስም ግን በአማርኛ እንዳሉ ብትተያቸው ፓይተን 3 ይቀበላል። የማይቀበለው የአማርኛውን ሥርዓተ ነጥብ ነው። ከአማርኛው ኪቦርድ ሳትወጪ «፣» ወይም «፡» ብትነኪ «ያልተፈቀደ ምልክት» የሚል የሲንታክስ (የአጻጻፍ ሕግ) ስህተት ይወጣል፤ ኮማውና ኮለኑ ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ መሆን አለባቸው። የጥቅስ ምልክቱም እንዲሁ። በግዕዝ ቁጥርም አትቁጠሪ፤ «፭»ን በኢንት ወደ ቁጥር ልለውጥ ብትዪ እምቢ ይልሻል።

ከደብዳቤሽ እንደገመትነው ኮድሽ ይህን ይመስላል፦

ሽያጭ = [120, 45, 300, 80]
ፎር ዋጋ ኢን ሽያጭ:
    ድምር = 0
    ድምር = ድምር + ዋጋ
ፕሪንት(ድምር)

አሁን ስልኩን አስቀምጪና ከዱቤ ደብተሩ ጀርባ አንድ ገጽ ያዢ። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል አንድ ዓምድ አስምሪ፣ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ መስመር። ከዚያ ኮዱን ከላይ ወደ ታች እያነበብሽ ሙዪው፦

ዙር 1፦ ዋጋ 120፤ ድምር 0 ሆነ፤ ድምር 120 ሆነ
ዙር 2፦ ዋጋ 45፤ ድምር 0 ሆነ፤ ድምር 45 ሆነ
ዙር 3፦ ዋጋ 300፤ ድምር 0 ሆነ፤ ድምር 300 ሆነ
ዙር 4፦ ዋጋ 80፤ ድምር 0 ሆነ፤ ድምር 80 ሆነ

ሁለተኛው ዙር ላይ ስትደርሺ እጅሽ ራሱ ይቆማል፤ 120ውን የሚያጠፋው «ድምር = 0» የሚለው መስመር ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ስለተጻፈ ፓይተን በየዙሩ ይፈጽመዋል። ከፎር በላይ አውጪውና ከግራ ጠርዝ አስጀምሪው፤ ዓምዱ 120፣ 165፣ 465፣ 545 እያለ ይሄዳል።

ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ስትጽፊ ራስሽን ጠይቂ፦ ይህ መሠራት ያለበት ሉፑ ሳይጀምር አንድ ጊዜ ነው፣ በየዙሩ ነው፣ ወይስ ሉፑ ካለቀ በኋላ? ባዶ ገጽ ፊት «ከየት ልጀምር» ለሚለውም መልሱ ይኸው ጥያቄ ነው። ኮዱን ከመጻፍሽ በፊት ሦስቱን በአማርኛ ጻፊያቸው። ለምሳሌ ከ100 ብር በላይ የተሸጡት ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር፦ በፊት «ቆጣሪ ዜሮ ይሁን»፣ በየዙሩ «ዋጋው ከ100 ከበለጠ ቆጣሪው ላይ አንድ ጨምር»፣ በኋላ «ቆጣሪውን አሳይ»። ይህን ወደ ፓይተን መቀየር የአምስት መስመር ሥራ ነው። መስመሩ የሚገባው አራት ስፔስ ነው፤ ታብና ስፔስ አትቀላቅዪ፣ ዓይን አይለየውም፣ ፓይተን ግን ይለየዋል። ፕሪንቱንም ሳታውቂ ወደ ውስጥ ካስገባሽው ድምሩ በየዙሩ እየታተመ አራት መስመር ይወጣል። ይህ አንዳንዴ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው፤ ሉፑ የት ላይ እንደሚስት ካላወቅሽ ለጊዜው ፕሪንት ውስጥ አስገቢና ከወረቀትሽ ጋር አስተያዪው።

የመነሻው ዋጋም ሁልጊዜ ዜሮ አይደለም። የምታባዢ ከሆነ ከ1 ተነሺ፤ ከዜሮ ተነስተሽ ምንም ብታባዢ ዜሮ ነው። ትልቁን ቁጥር የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ መነሻው የሊስቱ የመጀመሪያ ዋጋ ይሁን። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ «ትልቁ = 0» ብሎ ይነሳል፤ በሽያጭ ላይ ይሠራለታል። ግን የሦስት ቀን ኪሳራ የያዘ [-50, -20, -70] ስጪው፤ ሊስቱ ውስጥ የሌለውን 0 ትልቁ ነው ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው -20 ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ምንም ቀይ ጽሑፍ ስለማያወጣ ከሁሉም የከፋ ነው።

ወደ ዜሮዎቹ እንምጣ። ያጋጠመሽ ነገር የአንቺ ስንፍና አይደለም፤ ዓመታት የሠሩ ሰዎችንም ያደናግራል። ሊስትሽ [120, 0, 0, 45] ነው እንበል፤ ኮዱ «ዋጋው 0 ከሆነ ሽያጭ.ሪሙቭ(0)» ይላል። ፎር ሊስቱን የሚያነበው በቦታ ቁጥር ነው፦ መጀመሪያ 0ኛውን ቦታ፣ ከዚያ 1ኛውን፣ ከዚያ 2ኛውን። በ0ኛው ቦታ 120 አለ፣ ያልፈዋል። በ1ኛው ቦታ ዜሮ አለ፣ ያወጣዋል። እዚህ ላይ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደሚሆነው ነው፤ አንዱ ሲወጣ ከኋላው ያሉት ሁሉ አንድ ቦታ ይጠጋሉ። ሁለተኛው ዜሮ ተጠግቶ 1ኛው ቦታ ላይ ቆመ። ፎር ግን 1ኛውን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ 2ኛው አለፈ፣ እዚያ 45ን አገኘ፣ አበቃ። የቀረው [120, 0, 45] ነው። ዜሮዎቹ ጎን ለጎን ካልሆኑ ኮዱ በትክክል የሠራ ይመስላል፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን «አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይቀራል» ያስባለሽ ይህ ነው።

መፍትሔው እየሄዱበት ካለ ሊስት ላይ አለመቀነስ ነው። የሚፈለገውን ወደ አዲስ ሊስት ሰብስቢ፦

የቀሩ = []
ፎር ዋጋ ኢን ሽያጭ:
    ኢፍ ዋጋ != 0:
        የቀሩ.አፔንድ(ዋጋ)
ፕሪንት(የቀሩ)

«የቀሩ = []» የተቀመጠበትን ቦታ ልብ በዪ፤ ውስጥ ብታስገቢው ያንኑ የድምሩን ጣጣ ትደግሚዋለሽ። ሊስት ላይ የሚጨምረው አፔንድ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «የቀሩ = የቀሩ.አፔንድ(ዋጋ)» ብለሽ አትጻፊ። አፔንድ ሊስቱን እዚያው ይለውጠዋል እንጂ ሊስት አይመልስም፤ የሚመልሰው ነን፣ ማለትም ባዶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጨምር «የቀሩ» ነን ይሆንና በሚቀጥለው ጭማሪ «ነን ታይፕ አፔንድ የለውም» የሚል መልእክት ይወጣል። ሊስት በቅደም ተከተል የሚደረድረው ሶርትም ጠባዩ ይኸው ነው። ከዚሁ ሳንርቅ፦ «ዛሬ = ትናንት» ብትዪ አዲስ ሊስት አልተሠራም፤ አንዱ ሊስት ሁለት ስም ወጣለት ማለት ነው። ዛሬ ላይ የጨመርሽው ትናንት ላይም ይታያል። ቅጂ ከፈለግሽ «ዛሬ = ትናንት.ኮፒ()» በዪ።

ስለ ቦታ ቁጥር (ኢንዴክስ) አልጠየቅሽም፣ ግን ቀጥሎ የሚያደናቅፍሽ እሱ ነው። የሐረር ጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች በሊስት ጻፊያቸው፦

በሮች = ["ሸዋ በር", "ቡዳ በር", "ሰንጋ በር", "ኤረር በር", "ፈላና በር"]

ርዝመቱን የሚቆጥረው ሌን(በሮች) 5 ይላል። ቆጠራው ግን ከ0 ስለሚጀምር ሸዋ በር በሮች[0]፣ ፈላና በር በሮች[4] ነው። በሮች[5] ብትጠይቂ «የሊስቱ ኢንዴክስ ከክልሉ ውጭ ነው» የሚል ኢንዴክስ ኤረር ይሰጥሻል። በኋላ ዘመን የተከፈተውን ሐረር በር በአፔንድ ስትጨምሪ ርዝመቱ 6 ይሆናል፣ በሮች[5]ም ያኔ መልስ ያገኛል። ርዝመቱን ሳትቆጥሪ የመጨረሻውን ለማግኘት በሮች[-1] ይበቃል። ሬንጅ(5) የሚሰጥሽም 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ነው፤ 5 ራሱ የለበትም። በደብተር ላይ እንደምትቆጥሪው ከ1 እስከ 5 ከፈለግሽ ሬንጅ(1, 6) ነው የሚባለው። ዋጋውን ብቻ ከፈለግሽ «ፎር በር ኢን በሮች» በዪ፤ ሬንጅና ሌን ውስጥ የምትገቢው የቦታ ቁጥሩ ራሱ ሲያስፈልግሽ ነው። ብዙ ጀማሪ ሳያስፈልገው በቦታ ቁጥር ይዞርና ስህተቱን በገዛ እጁ ያበዛል።

ወንድምሽ ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ለሱቁ ሂሳብ ሰምን ተጠቀሚ፤ ማንም ሠራተኛ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ለልምምድ ግን ሉፑን ጻፊና ሰምን መፈተሻ አድርጊው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ካልሰጡ ሉፕሽ ተሳስቷል። ትልቁን የሚያገኘውን ማክስንና ሌንንም እንዲሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድምሩን የሚይዘውን ቫሪያብል በእንግሊዝኛ ፊደል ሰም ብለሽ አትሰይሚው፣ ሊስትሽንም ሊስት አትበዪው። ስሙን ስትወስጂበት የፓይተኑ ሰም ይሸፈናል፤ በኋላ ስትጠሪው «ኢንት አይጠራም» የሚል ግራ የሚያጋባ መልእክት ይወጣል። በአማርኛ ከሰየምሽ ይህ ጣጣ የለም፤ ለጀማሪ የአማርኛ ስም የምንመርጥበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ኤአይውን አትተዪው፣ ተራውን ግን አስጠብቂው። መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ የአንቺ ኮድ፣ ካልሠራ የስህተት መልእክቱን ማንበብ፤ መልእክቱ የመስመሩን ቁጥር ይነግርሻል፣ ዋናው ቃል ያለውም በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከዚያም ካልገባሽ «ኮዱን አትጻፍልኝ፣ ስህተቱ ያለበትን መስመር ብቻ ንገረኝ» በዪው።

ዋጋዎቹን ኮዱ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ ሱቅ ውስጥ እየተየብሽ ማስገባት ስትፈልጊ ዋይል፣ ማለትም አቁም እስኪባል የሚዞረው ሉፕ፣ ይመጣል፦

ሽያጭ = []
ዋይል ትሩ:
    ግቤት = ኢንፑት("ዋጋ: ")
    ኢፍ ግቤት == "በቃ":
        ብሬክ
    ሽያጭ.አፔንድ(ኢንት(ግቤት))
ፕሪንት(ሽያጭ)

እዚህ ትሩ ብቻ በትልቁ ፊደል ይጀምራል። ኢንፑት ሁልጊዜ የሚሰጥሽ ጽሑፍ ነው፤ 120 ብትተይቢም ለፓይተን ሦስት ፊደል ነው። ኢንትን ረስተሽ «120»ንና «45»ን ብትደምሪ «12045» ይወጣል። ከ0 ተነስቶ በሚደምር ሉፕ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጽሑፍና ቁጥር አይደመርም ብሎ ታይፕ ኤረር ያወጣል። «120 ብር» ብለሽ ብትጽፊ ኢንት አይቀበልም፣ ቫልዩ ኤረር ይልሻል። «በቃ» ብለሽ ከኋላው ስፔስ ከነካሽም እኩል ስላልሆነ ሉፑን የሚያቆመው ብሬክ ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ «ኢንፑት("ዋጋ: ").ስትሪፕ()» ብለሽ ዳርና ዳሩን አስጠርጊው። ስልክ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ኪቦርዱ ቃል ሲያሟላ ስፔስ ይጨምራል። ሉፑ አልቆም ካለ አፑ ላይ ያለውን የማቆሚያ ምልክት ተጫኚ፤ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና ሲ ነው።

ሳንቲም ያለበት ዋጋ ካለሽ ሁሉንም ወደ ሳንቲም ቀይረሽ በሙሉ ቁጥር ደምሪና መጨረሻ ላይ ለ100 አካፍዪ። ፓይተን 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ነው የሚለው። የኮምፒውተር የነጥብ ቁጥር አያያዝ እንዲያ ስለሆነ ነው፣ የስልክሽ ብልሽት አይደለም።

ስለ ስልኩ ባጭሩ፦ ፓይድሮይድ 3 የሚባለው የፓይተን አፕ አንዴ ከተጫነ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ለሉፕና ለሊስት ይበቃል። የኪቦርዱን ራስ-ሰር ትልቅ ፊደልና ራስ-ሰር እርማት አጥፊ፤ ፎርና ፕሪንት መስመር መጀመሪያ ላይ በትልቅ ፊደል እየጀመሩ የሚያስቸግሩሽ በእሱ ነው። ኮምፒውተር የምታገኚበት ቀን ካለ ቶኒ የሚባለውን የጀማሪ ኤዲተር ጫኚ፤ ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬደ ቫሪያብሎቹን በጎን ያሳያል፣ ወረቀት ላይ የምትሠሪውን ሠንጠረዥ ማለት ነው። ግን ወረቀቱን ቀድመሽ ሙዪና በቶኒ አስተያዪው። ከረጅም ቅዳሜ አጭር ዕለታዊ ልምምድ ይሻላል፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ሃያ ደቂቃ፣ በቀን አንድ ጥያቄ። ትናንት የሠራሽውን ዛሬ ሳታዪ ደግመሽ ጻፊው፤ እስክትደግሚው ድረስ የአንቺ አልሆነም።

ለመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይኸውልሽ። ሊስቱ ይህ ይሁን፤ እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ደንበኛ ዱቤ ነው፦

ዱቤ = [350, 0, 120, 80, 0, 500, 60]

ጠቅላላውን ደምሪ፣ መልሱ 1110 ነው። ዕዳ ያለባቸውን ቁጠሪ፣ 5 ናቸው። ከ100 ብር በላይ ያለባቸውን ወደ አዲስ ሊስት አውጪ፤ [350, 120, 500] ማግኘት አለብሽ፣ ድምራቸው 970። ትልቁን ዕዳና ያለበትን ቦታ አግኚ፤ 500 በኢንዴክስ 5 ላይ ነው፣ በደብተሩ ስድስተኛው መስመር። ከዚያ እየተደመረ የሚሄደውን ሊስት ሥሪ፤ [350, 350, 470, 550, 550, 1050, 1110] ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ከሉፑ በፊት መነሳት አለበት፣ ድምሩና ባዶው ሊስት። አንዱን ብትረሺ «ይህን ስም አላውቀውም» የሚል ኔም ኤረር ታያለሽ።

እነዚህን ሳታዪ መጻፍ ከቻልሽ ወደ ዲክሽነሪ እለፊ፤ የደንበኛውን ስምና ዱቤውን አንድ ላይ መያዝ የምትችዪው እዚያ ነው። ከማለፍሽ በፊት ግን አንዱን ከባድ ሥሪ፦ ጎረቤት ቁጥሮችን እያስተያየሽ የሚቀጥለው ካለፈው የበለጠበትን ጊዜ ቁጠሪ። መልሱ 2 ነው፤ ከ0 ወደ 120፣ ከ0 ወደ 500። ሰባት ቁጥር ቢኖርም የጎረቤት ጥንዶቹ ስድስት ስለሆኑ ሬንጁ ሌን(ዱቤ) - 1 ላይ ማቆም አለበት። ኢንዴክስ ኤረር ከወጣብሽ የመጨረሻውን ዙር ብቻ ወረቀት ላይ ሙዪው፦ ቦታ 6 ላይ ቆመሽ ቦታ 7ን እየጠየቅሽ ነው።